ከሐረር ያልደረሰኝ ደብዳቤ

ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው። ከሃያ ደቂቃ በላይ መቀመጥ ስለማልችል ባለቤቴ ሰናይት ከጠረጴዛው እግሮች ሥር ብሎኬት አስገብታ ከፍ አድርጋልኛለች። ታሪኬን አንብባችሁ "ይሄማ የሥራ አደጋ ነው፤ በማንም ላይ ይደርሳል" የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኔም ለጥቂት ሰዓታት እንደዚያ ብዬ ነበር። ሐረር እስክደርስ ድረስ።

ግርማ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ጅግጅጋ ነው። አያቴ በውትድርና መጥተው እዚያው ቀሩ፣ አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር፣ እኔ ደግሞ መካኒክ ሆንኩ። ሥራዬ ካምቢዮ፣ ማለት የመኪናው ማርሽ ሳጥን፣ ነበር። ሞተር የሚያውቅ ሞልቷል፤ የከባድ መኪና ካምቢዮ አውርዶ፣ በትኖ፣ መልሶ ገጥሞ ያለ ድምፅ የሚያስኬድ ግን በከተማችን ከሁለት ከሦስት ሰው አይበልጥም ነበር። ከአይሻ ድረስ ስልክ የሚደውሉልኝ ሾፌሮች ነበሩ። ኩራቴም እሱ ነበር።

ጋራዡ የሰሎሞን ነው። ከሰሎሞን ጋር አንድ አጥር ተጋርተን ነው ያደግነው፤ ሙያውንም የለመድነው በአንድ መካኒክ እጅ ነው። ከአባቱ በሐረር መውጫ ያለውን ቦታ ሲወርስ ጋራዥ ከፈተና "ና" አለኝ። ሄድኩ። ተቀጣሪው ነበርኩ፤ ግን አንድም ቀን ተቀጣሪ መሆኔ ተሰምቶኝ አያውቅም። ሰው ሲጠይቀኝ "ጋራዣችን" ነበር የምለው። ልጄ ሲወለድ ክርስትና ያነሳልኝም እሱ ነው። ጓደኛዬ ብቻ ሳይሆን አበልጄም ነበር ማለት ነው።

ካምቢዮ እንዴት እንደሚወርድ ላላያችሁ ልንገራችሁ። መኪናው በክሪክ ይነሳል፤ አንተ ካርቶን አንጥፈህ በጀርባህ ትገባለህ። ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ትፈታለህ፤ የመጨረሻው ሲወጣ ያ ሁሉ ብረት ወዳንተ ይመጣል። ፓራንኮ የምንለው የሰንሰለት ማንሻ ካለ እሱ ይሸከምልሃል። ከሌለ በእጅህ፣ በደረትህና በጉልበትህ ተቀብለህ ቀስ እያልክ ታወርደዋለህ። እኔ ይህን ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። በጋራዡ ውስጥ ጤነኛ ሰው አልነበረም ብል አላጋነንኩም። ቀለም ቀቢያችን ኢልያስ አንገቱን ወደ ቀኝ ማዞር ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ ሰው ሲጠራው ሙሉ ሰውነቱን ይዞ ነው የሚዞረው። ጎሚስታው ክንዱን ከትከሻው በላይ አያነሳም። ጠዋት ስንገናኝ "ወገብ እንዴት አደረ?" እየተባባልን እንስቅ ነበር። ሕመም ነው ብለን አናስብም። የሙያው ልክ እንደሆነ ነበር የምናስበው።

በ2013 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ግን የኔ ሳቅ ቆመ። ከወገቤ ተነስቶ በግራ ታፋዬ በኩል እስከ አውራ ጣቴ የሚወርድ እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ነገር ጀመረኝ። ስነጥስ አይኔ ይጨልማል። ጫማዬን የምታስረው ሰናይት ሆነች። በመጨረሻ ሐረር ሄጄ ኤምአርአይ ተነሳሁ፤ የአጥንት ሐኪሙ ውጤቱ ከሦስት ቀን በኋላ እንደሚደርስ ነገረኝ።

ያኔ ሰሎሞን ትልቅ ሥራ ይዞ ነበር። እህል የሚያመላልሱ የአንድ ድርጅት አሥራ አንድ አይሱዙ መኪናዎችን በሙሉ ሊጠግን ተዋውሏል። የአብዛኞቹ ችግር ደግሞ ካምቢዮ ነው። ለውጤቱ ልመለስ ስል ከለከለኝ።

"አንተ ደግሞ፣ ሁለት ቀን በመንገድ ከምትንገላታ! እኔ ሐሙስ ለመለዋወጫ ሐረር እሄዳለሁ። ካርድህን ስጠኝ፣ አመጣልሃለሁ።"

ሰጠሁት። ዓርብ ከሰዓት ትልቁን ፖስታ ከነፊልሙ፣ አንድ ብልቃጥ ኪኒንና የወገብ ቀበቶ ይዞ ቤቴ ድረስ መጣ።

"ሐኪሙ ምን አለህ?" አልኩት።

"ምንም አይደለም! ጡንቻ ነው። ብርድ መቶት ነው አለ። ኪኒኑን ዋጥ፣ ቀበቶውን እሰር፣ ሥራህን ሥራ።"

"እርግጠኛ ነህ? ዲስክ ምናምን አላለም?"

"ኧረ ተው! ዲስክ ቢሆን እንዲህ ቆመህ ታወራኝ ነበር?"

አቀፍኩት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ትከሻው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ሰናይት እልል አለች። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዘን አየነው፤ ነጭና ጥቁር ነገር ነው፤ ከኛ ማን ያነበዋል? ሰሎሞን ምሳ በልቶ፣ ልጁን አጫውቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ሠራሁ። ሲያመኝ ኪኒን እጨምራለሁ፤ ቀበቶውን አጠብቃለሁ። ሕመሙ ሲብስ "ጡንቻ ነው" እያልኩ ራሴን እገሥጽ ነበር። እንዲያውም አንዳንዴ በራሴ አፍር ነበር፤ በሆነ ባልሆነው የማማርር፣ ሰነፍ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

የዚያች የሰኔ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ጋራዡ ስገባ ኢልያስ ከኋላዬ ጠራኝ።

"ግርሜ! ጫማህ!"

ዞር አልኩ። የግራ እግሬ ነጠላ ጫማ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል። ባዶ እግሬን አስፋልቱን እየረገጥኩ ነበር የመጣሁት፤ አልተሰማኝም።

ሰሎሞን በር ላይ ቆሞ ነበር። እግሬን አየው። ረጅም ጊዜ አየው። ቀና ብሎ እኔን አላየኝም።

"ሶሌ፣ ይቺ እግር ዛሬ ደስ አላለችኝም" አልኩት።

"አንዷ መኪና ቱሊ ጉሌድ መንገድ ላይ ከነጭነቷ ቆማለች። ካምቢዮዋ ነው" አለ። "የዛሬን ብቻ ግባልኝ። ከዚህች በኋላ አንድ ሳምንት ታርፋለህ።"

"ፓራንኮውን እንውሰዳ።"

"ሞተር ተንጠልጥሎበታል። ኢልያስ ያግዝሃል፤ ሾፌሩም አለ።"

ከኢልያስ ጋር በፒክአፕ ሄድን። ኢልያስ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ሶማሊኛውንም አማርኛውንም እንደ ልቡ የሚናገር፣ ሲነዳ የሚያንጎራጉር ሰው። ያን ቀን ግን አላንጎራጎረም። መሃል መንገድ ላይ "ሐኪሙ በእርግጥ ጡንቻ ነው ያለህ?" አለኝ።

"ሰሎሞን ነው የጠየቀው። ምን፣ ይዋሸኛል?"

"አላልኩም" አለና መንገዱን ተመለከተ።

መኪናዋ ማሽላ ጭና ከመንገዱ ዳር ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ቆማለች። ሾፌሩ አብዲረሺድ በጥላዋ ተቀምጦ ሲጠብቀን ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ፀሐዩ ገና መክረር ጀምሯል። ክሪኩን ከድንጋይ ጋር አደላድለን አነሳናት፤ ካርቶን አነጠፍኩና ገባሁ። ኢልያስ በገመድ አንዱን ጫፍ ሊይዝልኝ፣ አብዲረሺድ ከኋላ በእንጨት ሊደግፍ ተስማማን።

አንድ ሰዓት ያህል ፈታሁ። መሬቱ ሲሞቅ ወገቤ ትንሽ ለቀቀኝና ደስ አለኝ። ሁለት ቡሎን ሲቀር "ያዙ!" አልኳቸው። አንድ ሲቀር "ያዛችሁ?" አልኩ።

"ይዘናል፤ ሀዬ፣ ፍታ!" አለ ኢልያስ።

ፈታሁት። ካምቢዮው ለቅጽበት እንደ ተጣበቀ ቆየ። ከዚያ ገመዱ በዘይት ተንሸራተተና ሙሉ ክብደቱ ወደ ግራ ዞሮ መጣብኝ። ፊቴ ላይ እንዳይወድቅ በሁለት እጄ ተቀበልኩት፤ ወገቤን ጠምዝዤ ወደ ጎን ገፋሁት። ከውስጤ "ቀጭ" የሚል ነገር ሰማሁ። አልጮህኩም። ካምቢዮው አጠገቤ መሬት ላይ አረፈ፤ አቧራው ፊቴን ሸፈነው።

"ግርሜ! ነካህ?"

"አልነካኝም። ጎትቱኝ" አልኩ።

ብብቴን ይዘው ጎተቱኝ። ሱሪዬ ርሶ ነበር። ዘይት መስሎኝ በእጄ ነካሁት። ዘይት አልነበረም፤ ሽንቴ ነበር። በዚያን ጊዜ ነው ከወገቤ በታች ያለው ሰውነቴ የሌላ ሰው መሆኑን ያወቅኩት። አብዲረሺድ ጉልበቴን ሲይዝ አየዋለሁ፤ እጁ ግን አይሰማኝም።

"እግሬን አንሱልኝ" አልኩ።

"አንስቼዋለሁ" አለ አብዲረሺድ። እውነትም ግራ እግሬ በሁለት እጁ ላይ ነበር።

ኢልያስ ጃኬቱን አውልቆ ወገቤ ላይ ጣል አደረገልኝ፤ እንዳያዩኝ ነው። ያቺን ነገር አልረሳትም። አብዲረሺድ "ወላል፣ ወንድሜ፣ እንዳትንቀሳቀስ" እያለ የመኪናውን የጎን ሳንቃ ነቀለና በሱ ላይ አጋደሙኝ። በፒክአፑ ኋላ ጫኑኝ፤ አብዲረሺድ መኪናውንም ማሽላውንም ትቶ ሳንቃውን ይዞ አብሮኝ ተቀመጠ። ኢልያስ በየጉድጓዱ ፊት ፍጥነቱን እየቀነሰ፣ በየሜዳው እየበረረ ጅግጅጋ አደረሰን።

የሆስፒታሉ ሐኪም በመርፌ ጫፍ እግሬን እየነካ "ይሰማሃል?" ይለኛል። "የቱ ጋ?" እለዋለሁ። ብዙም አልቆየ። "ይሄ ዛሬውኑ ኦፕሬሽን ይፈልጋል። አምቡላንስ እናዘጋጃለን፤ ሐረር ይሂድ" አለ።

ሰናይት እየሮጠች ደረሰች። ፖስታውን በእጇ ይዛለች፤ እንዴት እንዳሰበችው አላውቅም። ከሷ ቀጥሎ ሰሎሞን ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል። ለኔ አዝኖ መስሎኝ፣ ተኝቼ እሱን ማጽናናት ጀመርኩ።

"አይዞህ ሶሌ፣ እኔ ነኝ በደንብ ያልያዝኩት።"

እሱ ግን ወደ ሐኪሙ ዞረ። "ሐረር አይሆንም። ድሬዳዋ ይሻላል። ድሬዳዋ ውሰዱት፤ እኔ መኪና አመጣለሁ።"

"ሐረር ይቀርባል፤ ደግሞ ቀድሞ ያየው ሐኪም እዚያ ነው" አለው ሐኪሙ።

"እኔ ነኝ የማውቅለት! ድሬዳዋ ይሂድ አልኩ!"

ሰናይት ግራ ገብቷት አየችው። "ሰሎሞን፣ ሰዓት እየሄደ ነው። ምን ሆነሃል?" አለችው። አምቡላንሱ ሲነሳ "ከኋላ እደርስባችኋለሁ" አለ። አልደረሰም።

መንገዱን ሁሉ የማየው የአምቡላንሱን ጣሪያ ብቻ ነው። ባቢሌ ስንደርስ ፍጥነታችን ስለቀነሰ በመስኮቱ ለውዝ የሚሸጡ ሴቶች ሲጣሩ ሰማሁ። ሰናይት እጄን ይዛ "ለምን ድሬዳዋ አለ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ተደናግጦ ነው።"

"እሱ ተደናግጦ አያውቅም" አለች።

ሐረር የደረስነው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ያ የአጥንት ሐኪም፣ ቀጭን ወጣት፣ ካርዱን አንብቦ ፊቴን ሲያይ አወቀኝ።

"ግርማ! የት ጠፍተህ ነው? አራት ወር ሙሉ!"

"መድኃኒቱን እየወሰድኩ ነበር ዶክተር። ጡንቻ ነው ስላሉኝ..."

"ማን ነው ጡንቻ ያለህ?"

ሰናይት ፖስታውን ሰጠችው። ፊልሙን አወጣ፤ ውስጡን ፈተሸ፤ ገልብጦ አራገፈው።

"ወረቀቱስ? ለወንድምህ በእጁ ነው የሰጠሁት። ዲስኩ ወጥቶ ነርቩን ተጭኖታል፣ ምንም ከባድ ነገር እንዳያነሳ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለኦፕሬሽን ይመለስ ብዬ ጽፌያለሁ። ለመሥሪያ ቤቱም እንዲሆን በደብዳቤ መልክ ነው የጻፍኩት። እንዲያውም 'አሠሪውም እኔው ነኝ፣ እኔ አሳርፈዋለሁ' ብሎኝ ሄደ።"

"ወንድም የለኝም" አልኩት።

ሐኪሙ እኔንም ሰናይትንም ተራ በተራ አየን። ሰናይት መሬቱ ላይ ተቀመጠች። እኔ በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ብዙ ጊዜ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ያሰብኩት ስለ እግሬ አልነበረም። አቅፌው ያለቀስኩትን ነው። በየቀኑ መኪና ሥር ስገባ ከላይ ቆሞ ቁልፍ ሲያቀብለኝ የነበረውን ነው። "ወገብ እንዴት ነው?" ሲለኝ "ይሻላል" የምለውን ነው። መልሱን ከኔ በላይ ያውቅ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል አስገቡኝ።

በሦስተኛው ቀን ሰሎሞን መጣ። ብርቱካን በፌስታል ይዟል። በሩ ላይ ቆሞ ፊታችንን ሲያይ እንዳወቅን አወቀ።

"ወረቀቱ የት ነው?" አልኩት።

"ግርማዬ..."

"የት ነው?"

"መኪናው ውስጥ" አለ ቀስ ብሎ።

"አምጣው።"

ወርዶ አመጣው። አራት ቦታ ታጥፏል። ስሜ በግልጽ ተጽፎበታል፤ ማኅተም አለው። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በሱ የእጅ ጽሑፍ "የፍሬን ሸራ፣ ፊልትሮ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ" ይላል። ከሐኪሙ ዘንድ ወጥቶ መለዋወጫ ሱቅ ሲገባ ሌላ ወረቀት አላገኘም ነበር።

"አሥራ አንዱን መኪና ተዋውዬ ነበር" አለ እያለቀሰ። "ያለ አንተ አልችልም። ሁለት ወር ብቻ ብዬ ነበር፤ ከዚያ ልነግርህ። ሁለቱ ወር አለቀ፤ ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገርህ? ፈራሁህ።"

"ማክሰኞ ጠዋት እግሬን ስታየው ምን አሰብክ?"

"ያ ቀን እንዲያልፍ ብቻ" አለ።

"ሂድ" አልኩት። ብርቱካኑን ሰናይት ከኋላው ወስዳ ኮሪደሩ ላይ አኖረችው።

ቀኝ እግሬ ከሳምንታት በኋላ ተመለሰ። ግራው ግን ከቁርጭምጭሚት በታች እስከ ዛሬ አይታዘዘኝም፤ በምርኩዝ ነው የምሄደው። ሌላውም፣ ለሰው የማይወራው ነገር፣ በከፊል ተሻለኝ። ሐኪሙን "በሁለት ሳምንቱ ውስጥ ብመጣ ኖሮስ?" ብዬ ጠይቄው ነበር። "እሱን አሁን አንጠይቅ" አለኝ።

በዚያው ዓመት መስከረም ሳይጠባ ሽማግሌ ተላከብኝ። የንስሐ አባታችንና ጎረቤታችን ሐጂ ዩሱፍ ናቸው የመጡት። ሰሎሞን ለሕክምናዬ ያወጣሁትን ሁሉ ሊሸፍን፣ የሚጠየቀውን ሁሉ ሊፈጽም ፈቃደኛ ነው አሉኝ። ሰናይት ከጓዳ ሆና ስትሰማ ነበር።

"አንድ ነገር ነው የምፈልገው" አልኩ። "ደብዳቤው እኔ ጋ ነው። ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ጋራዡ ውስጥ፣ ራሱ ያንብበው።"

ሐጂ ዩሱፍ ትንሽ አሰቡና "ይሄ ከገንዘብ ይከብዳል" አሉ። ቢሆንም ሰሎሞን ተስማማ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። ሰዎቹ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ከየመኪናው ሥር ወጡ፤ ዘጠኝ ሰው ነበር። ሰሎሞን ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለ። ስሜን አነበበ፤ ዕድሜዬን አነበበ። "ማንኛውንም ከባድ ዕቃ እንዳያነሳ፣ ጎንበስ ቀና ከሚል ሥራ እንዲታቀብ..." ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቋረጠ። ቀኑን እንዲያነብ ነገርኩት። አነበበው። ሰዎቹ ቀኑን ሲሰሙ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስንት ካምቢዮ እንዳወረድኩ ያውቃሉ፤ አብረውኝ ነበሩ።

አንብቦ ሲጨርስ ኢልያስ ሙሉ ሰውነቱን ይዞ ወደሱ ዞረና፣ ያለ ምንም ቁጣ፣ እንደ ተራ ጥያቄ አድርጎ ጠየቀው።

"ሰሎሞን፣ ባለፈው ዓመት የኔን የአንገት ራጅም አንተ ነህ ያመጣህልኝ። እሱ ላይስ ምን ይላል?"

"የለም! በእግዚአብሔር፣ ያንተ ምንም የለውም!" አለ ሰሎሞን።

ያመነው የለም። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ግን ያመነው የለም። ኢልያስ ቱታውን አውልቆ አጣጥፎ በርሜሉ ላይ አስቀመጠ። ወደ በሩ ሲሄድ ጎሚስታው ተከተለው። እኔም ምርኩዜን አንስቼ ከኋላቸው ወጣሁ።

አንባብያን ሆይ፣ ይቅር ብለኸዋል ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ለሽማግሌዎቹ "ይቅር ብያለሁ" ብዬአለሁ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፤ ለልጄም በየበዓሉ ይልክለታል፤ አልከለክለውም። ግን የምነግራችሁ ስለ ይቅርታ አይደለም። በጋራዥ፣ በግንባታ፣ በመጋዘን፣ ሰውነታችሁን ከፍላችሁ የምትኖሩ ሁሉ፦ እጃችሁ ሲደነዝዝ፣ ወገባችሁ ሲይዛችሁ "የሙያው ልክ ነው" አትበሉ፤ እንደዚያ እየተባባልን ስንስቅ ነው ዓመታት ያለፉት። ውጤታችሁን ራሳችሁ ሄዳችሁ ተቀበሉ። ማንበብ ካቃታችሁ የማይጠቀምባችሁ ሰው ያንብብላችሁ። ወዳጅ አትመኑ ማለቴ አይደለም፤ እኔ ሰሎሞንን ማመኔ ጥፋቴ አልነበረም። ይህን ለማለት ግን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ኢልያስ ደብዳቤው በተነበበ ሰሞን ሐረር ሄደ። አብሬው ሄድኩ፤ ያንኑ ሐኪም አገኘነው። ውጤቱን እስኪሰጡት ድረስ ሦስት ቀን አንድ አልጋ ቤት ተከራይተን ጠበቅን። በሦስተኛው ቀን ነርሷ ስሙን ስትጠራ፣ ወረቀቱን በራሱ እጅ ተቀበለ።